ከአይአርሲ እስከ ዲስኮርድ፦ የጨዋታ ማኅበረሰቦች የቀድሞና የአሁን የመወያያ ሥርዓቶች ንጽጽር ከመካነ ሰላምና ከምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ አንጻር

መግቢያ

በመካነ ሰላም ከተማ በአንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ተጫዋቾች በቴሌግራም ወይም በዲስኮርድ መልእክት ቢለዋወጡ፣ መልእክቱ ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው በቀጥታ አይሻገርም። ከስልኩ ወጥቶ ወደ ቴሌኮም ማማ ይደርሳል፤ ከማማው በአገሪቱ ዋና መስመር በኩል ድንበር ይሻገርና በባሕር ማዶ ወደሚገኝ የኩባንያ ሰርቨር ይገባል፤ ከዚያም በመጣበት ተመልሶ ሁለተኛው ሰው እጅ ላይ ያርፋል። ጉዞው ብዙውን ጊዜ ከዓይን ጥቅሻ የማይዘገይ ስለሆነ ተጠቃሚው ልብ አይለውም። ልብ የሚለው መንገዱ አንድ ቦታ ላይ ሲቋረጥ ነው። ያን ጊዜ ትከሻ ለትከሻ የተቀመጡት ሁለቱ ሰዎች እንኳ በስልካቸው ሊገናኙ አይችሉም።

ከሠላሳ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የቀድሞው የመወያያ ሥርዓት ይህ ችግር የለበትም። በአንጻሩ ሌሎች ብዙ ችግሮች አሉበት። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ለኮምፒውተርና ለስልክ ጨዋታ ማኅበረሰቦች አገልግሎት የዋሉትን የቀድሞና የአሁን የመወያያ ሥርዓቶች በአሠራራቸው ማነጻጸር፣ ንጽጽሩንም ከምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ነባራዊ ሁኔታ ጋር ማገናዘብ ነው። መለኪያ ሆነው የተወሰዱት አምስት ጉዳዮች ናቸው፦ ሰርቨሩ የት እንደሚገኝ፣ መልእክቱ የት እንደሚቀመጥ፣ በአማርኛ መጻፍ ምን ያህል እንደሚያስከፍል፣ ድምፅ ምን ያህል ዳታ እንደሚፈጅ፣ እንዲሁም ሥርዓት የሚያስከብረው ማን እንደሆነ።

1. የአካባቢው የግንኙነት ጠባይ

መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ ዞን የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዙሪያዋ ያሉት የወግዲ፣ የከላላ፣ የአማራ ሳይንትና የለጋምቦ ወረዳዎች በዓባይና በበሽሎ ሸለቆዎች እንዲሁም በገባሮቻቸው የተከፋፈሉ ናቸው። የሞባይል ሬዲዮ ሞገድ በአመዛኙ ቀጥተኛ የእይታ መስመርን የሚከተል ስለሆነ፣ በአምባው ላይ ጥሩ ሲግናል ያለው ስልክ ቁልቁለቱን ጥቂት እንደወረደ ግንኙነቱ ሊጠፋበት ይችላል። በዚህ ላይ የመብራት መቆራረጥ ሲጨመር ግንኙነቱ ባለማቋረጥ የሚፈስ ወንዝ ሳይሆን በየወቅቱ የሚሞላና የሚጎድል ጅረት ይሆናል።

የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም መገኘታቸው ለዚህ ጉዳይ የተለየ ትርጉም ይሰጠዋል። በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆነው በሁለት ከተሞች የሚኖሩ ተማሪዎች ቡድን መሥርተው ለመጫወት፣ የውድድር ሰዓት ለመወሰንና ውጤት ለመለዋወጥ የጋራ መወያያ ያስፈልጋቸዋል። በኢትዮጵያ ከተሞች በተለመዱት ጌም ቤቶች በአንድ ስክሪን ፊት የሚካሄደው የእግር ኳስ ጨዋታ ይህን አይፈልግም፤ ተጋጣሚውም ተመልካቹም እዚያው አለ። በስልክ የሚካሄደው የቡድን ጨዋታ ግን ያለ መወያያ አይቆምም።

የግንኙነቱ ጠባይ በመልክዓ ምድር ብቻ የሚወሰንም አይደለም። ከየካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለወራት ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገር አቀፍ ደረጃ ተገድበው ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ 28 ቀን ከታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በኋላ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጧል። የመጀመሪያው ገደብ የተወሰኑ አገልግሎቶችን፣ ሁለተኛው መንገዱን ራሱን የሚመለከት ነበር። የመወያያ ሥርዓቶች ለእነዚህ ሁለት የተለያዩ ሁኔታዎች የሚሰጡት ምላሽም የተለያየ ነው።

2. የቀድሞው ትውልድ፦ አይአርሲ

አይአርሲ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው የጽሑፍ መወያያ ፕሮቶኮል በነሐሴ ወር 1988 እ.ኤ.አ. በፊንላንድ ኦውሉ ዩኒቨርሲቲ በያርኮ ኦይካሪነን ተሠራ። ደንቡ በ1993 እ.ኤ.አ. በይፋ ተጽፎ ወጣ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ተጠቃሚው በኮምፒውተሩ ላይ በጫነው ፕሮግራም አማካይነት ከአንድ ሰርቨር ጋር ይገናኛል፤ ሰርቨሮቹ እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፤ ተጠቃሚው ቻናል የሚባል የጋራ ክፍል ውስጥ ይገባል፤ በዚያ የሚጻፈው ሁሉ በዚያ ቅጽበት ለተገኙት ሁሉ ይደርሳል።

የጨዋታ ማኅበረሰቦች ይህን ሥርዓት በሰፊው ተቀብለውታል። በ1997 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውና ስሙን ከታዋቂው የተኩስ ጨዋታ ከኩዌክ የወሰደው ኩዌክኔት የተባለው ኔትወርክ በየካቲት 2005 እ.ኤ.አ. በአንድ ጊዜ ከ240,000 በላይ ተጠቃሚዎችን አስተናግዷል። ቡድኖች ተጋጣሚ የሚፈልጉት፣ ውድድር የሚያሰናዱትና ውጤት የሚያሳውቁት በዚያ ነበር።

የአይአርሲ ዋነኛ ጠባይ አለማስታወሱ ነው። ሰርቨሩ መልእክትን ተቀብሎ ያስተላልፋል እንጂ አያስቀምጥም። በዚህ ረገድ ከቡና ጠጪዎች ጉባኤ ጋር ይመሳሰላል፤ አቦል ላይ የተነገረውን በቶና የደረሰ ሰው አይሰማውም፣ ሌላ ሰው ካልነገረው በቀር። ግንኙነቱ በየጊዜው ለሚቋረጥበት ተጠቃሚ ይህ ከባድ ጉድለት ነው። ለአምስት ደቂቃ ከመስመር የወጣ ሰው የአምስት ደቂቃውን ንግግር ለዘለቄታው ያጣል። ጉድለቱን ለመሙላት በተጠቃሚው ምትክ ያለማቋረጥ ተገናኝቶ የሚቆይና መልእክት የሚያጠራቅም አማላጅ ፕሮግራም ተፈጥሯል፤ ይሁን እንጂ ይህን ለማቋቋም ሁልጊዜ የሚሠራ ኮምፒውተርና ቴክኒካዊ ዕውቀት ያስፈልጋል።

በሌላ በኩል የአይአርሲ ሰርቨር በማንኛውም አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሊቋቋም ይችላል። ከውጭ ዓለም ጋር መገናኘት ግዴታው አይደለም። የአንድ ግቢ ወይም የአንድ ጌም ቤት ኮምፒውተሮች በገመድ ወይም በዋይፋይ ከተያያዙ፣ ኢንተርኔት ፈጽሞ በሌለበት ሰዓት እንኳ በውስጣቸው መወያየት ይችላሉ። በመግቢያው የተጠቀሱት ሁለት ተጫዋቾች የአካባቢ ኔትወርክ ቢኖራቸው መልእክታቸው ከክፍሉ ሳይወጣ ይደርስ ነበር።

3. መካከለኛው ዘመን፦ የድምፅ ሰርቨሮችና የኩባንያ መልእክተኞች

በፍጥነት በሚካሄድ ጨዋታ ውስጥ እጅ ለመጻፍ አይፈታም። ስለሆነም ቲምስፒክ በ2001፣ ቬንትሪሎ በ2002፣ ማምብል ደግሞ በ2005 እ.ኤ.አ. ብቅ ብለው የድምፅ ግንኙነትን አስለመዱ። የሦስቱም ሐሳብ ተመሳሳይ ነው፦ ቡድኑ የራሱን ሰርቨር ያቋቁማል ወይም ይከራያል፤ አባላቱ ወደ ክፍሎቹ ገብተው ይነጋገራሉ። ከእነዚህ ማምብል የምንጭ ኮዱ ለሁሉም ክፍት በመሆኑ በነፃ የሚገኝ ሲሆን፣ ሰርቨሩም እንደ ራስፕቤሪ ፓይ ባለ የመዳፍ መጠን ባለው ኮምፒውተር ላይ ሊሠራ ይችላል። እንደ አይአርሲ ሁሉ በአካባቢ ኔትወርክ ብቻ መኖር ይችላል።

በተመሳሳይ ዘመን ኩባንያዎች ለተጫዋቾች የተለዩ መልእክተኞችን አቅርበዋል። ከነዚህ አንዱ ኤክስፋየር ነበር፤ ጓደኛ የትኛውን ጨዋታ እየተጫወተ እንደሆነ ያሳይ ነበር። ቪያኮም የተባለው ኩባንያ በ2006 እ.ኤ.አ. በ102 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በሰኔ 2015 እ.ኤ.አ. አገልግሎቱ ተዘጋ። በኢትዮጵያ የኢንተርኔት ካፌዎች ተጠቃሚዎች ዘንድ በሰፊው ይታወቅ የነበረው ያሁ ሜሴንጀርም በሐምሌ 17 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል። ሁለቱም ምሳሌዎች አንድ ቁም ነገር ያሳያሉ፦ ሥርዓቱ የኩባንያ ንብረት ሲሆን ዕድሜው የሚወሰነው በኩባንያው ውሳኔ ነው።

4. አዲሱ ትውልድ፦ ዲስኮርድና ቴሌግራም

ዲስኮርድ በግንቦት 2015 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ። አዲስ ነገር የፈጠረው በማዋሐድ ነው፤ የአይአርሲን ቻናሎች፣ የቲምስፒክን የድምፅ ክፍሎችና የኤክስፋየርን የጓደኞች ዝርዝር በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ሰበሰበ። ከዚህም በላይ ቡድኑ የራሱን ሰርቨር ከማቋቋም ወጪና ድካም ገላገለው። በዲስኮርድ ቋንቋ ሰርቨር የሚባለው እውነተኛ ሰርቨር አለመሆኑን ማስተዋል ይገባል፤ በኩባንያው ኮምፒውተሮች ላይ ለቡድኑ የተከለለ ቦታ ነው። ተጠቃሚው ባለቤት ተብሎ ቢጠራም በትክክል ሲታይ ተከራይ ነው፤ ኪራዩ በነፃ ስለሆነ ብቻ ልዩነቱ አይታወቀውም።

ቴሌግራም በነሐሴ 2013 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ለጨዋታ ታስቦ አይደለም። ሆኖም በኢትዮጵያ ከትምህርት እስከ ንግድ ለሁሉም ጉዳይ የሚውል በመሆኑ የጨዋታ ቡድኖችም በቀላሉ የሚሰባሰቡበት ሆኗል። አንድ ግሩፕ እስከ 200,000 አባላት ሊይዝ ይችላል፤ ከታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በግሩፕ ውስጥ የጋራ የድምፅ ውይይት ማካሄድም ተችሏል። ለተቆራረጠ ግንኙነት በተለይ የሚጠቅመው የድምፅ መልእክቱ ነው። ተናጋሪው ሲመቸው ቀርጾ ይልካል፤ መልእክቱ ሲግናል እስኪመጣ ይጠብቃል፤ አድማጩም መስመር ባገኘ ጊዜ ይሰማዋል።

አዲሱ ትውልድ የአይአርሲን የመርሳት ችግር ፈትቷል። ከሦስት ቀን በኋላ መስመር ያገኘ ተጫዋች የሦስቱን ቀን ውይይት ተቀምጦ ያገኘዋል። በሸለቆ ዳር ለሚኖር ተጠቃሚ ይህ የምቾት ጉዳይ ሳይሆን ከማኅበሩ አባልነት የመውጣትና ያለመውጣት ጉዳይ ነው። በአንጻሩ የሁለቱም ሥርዓቶች ሰርቨሮች በውጭ አገር ስለሚገኙ የአገር ውስጥ መስመር ብቻውን አያንቀሳቅሳቸውም።

የቀድሞው ሥርዓት ጨርሶ እንዳልጠፋ ግን ማስታወስ ያስፈልጋል። የጨዋታ ሥርጭት የሚተላለፍበት የትዊች የጽሑፍ ውይይት እስከ ዛሬ በአይአርሲ ደንብ ሊገናኙት የሚቻል ነው። ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ የተባለው ጨዋታም የውስጥ መወያያውን የገነባው በ1999 እ.ኤ.አ. ይፋ ከሆነው ከጃበር በመነጨው ኤክስኤምፒፒ በተባለ ክፍት ፕሮቶኮል ላይ ነው። አዲሱ ቤት በአሮጌው መሠረት ላይ የቆመበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

5. የፊደል ዋጋ

የመወያያ ሥርዓቶች ንጽጽር በእንግሊዝኛ ሲቀርብ ፈጽሞ የማይነሳ፣ ለአማርኛ ጸሐፊ ግን ወሳኝ የሆነ ጉዳይ አለ። አይአርሲ የአንድን መልእክት ርዝመት የሚለካው በፊደል ቁጥር ሳይሆን በባይት ነው፤ ጣሪያው 512 ባይት ሲሆን ሁለቱ ለመስመር መዝጊያ ይውላሉ። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በ3.0 እትም ነው። ዛሬ በስፋት በሚሠራበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል።

«ጨዋታው ነገ ማታ ይጀምራል» የሚለው ዓረፍተ ነገር 13 ፊደላትና 3 ክፍተቶች አሉት፤ በዩቲኤፍ-8 42 ባይት ይሆናል። ይኸው ዓረፍተ ነገር በላቲን ፊደል ሲጻፍ 25 ፊደላትና 3 ክፍተቶች ስለሚኖሩት 28 ባይት ብቻ ነው። በዚህ ስሌት አንድ የአይአርሲ መስመር ቢበዛ 170 የግዕዝ ፊደላት ይይዛል። የላኪው ስምና አድራሻ እንዲሁም የቻናሉ ስም ከዚሁ ላይ ስለሚቀነሱ በተግባር የሚተርፈው ከዚያ ያነሰ ነው። ሰርቨሩ ረጅሙን መልእክት ሲቆርጥ በባይት መሐል ሊቆርጥ ስለሚችል፣ የመጨረሻው ፊደል ተሰብሮ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ሊታይ ይችላል።

ችግሩ በፕሮቶኮሉ ብቻ አልተወሰነም። በዊንዶውስ ላይ በስፋት ያገለገለው ኤምአይአርሲ የተባለው ፕሮግራም ዩኒኮድን ሙሉ በሙሉ የተቀበለው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። ዊንዶውስ ራሱ ንያላ የተባለውን የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ይዞ የመጣው በ2007 እ.ኤ.አ. በቪስታ እትም ነበር። በመሆኑም በዚያ ዘመን አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ ከልማድ በፊት ግዴታ ነበር ማለት ይቻላል። ልማዱ ግን ግዴታው ከቀረ በኋላም ቆይቷል።

ዲስኮርድና ቴሌግራም ርዝመትን የሚቆጥሩት በፊደል ነው፤ የመጀመሪያው በአንድ መልእክት 2,000፣ ሁለተኛው 4,096 ፊደላት ይፈቅዳል። የግዕዝ ፊደል ከላቲን እኩል አንድ ሆኖ ይቆጠራል። አጭር የሞባይል መልእክት በላቲን 160 ፊደል ሲይዝ በአማርኛ 70 ብቻ መያዙን ለሚያስታውስ ሰው፣ ይህ ለውጥ ፊደሉን ከቅጣት ነፃ ያወጣ ነው። በዚህ መለኪያ አዲሱ ትውልድ ያለ ጥርጥር ይበልጣል።

6. የድምፅ ዋጋ

ዲስኮርድ ድምፅን የሚያስተላልፈው በ2012 እ.ኤ.አ. መደበኛ ደረጃ ሆኖ በጸደቀው ኦፐስ በተባለ የድምፅ ማጠቢያና ማሸጊያ ዘዴ ነው። ኦፐስ በሰከንድ ከ6 እስከ 510 ኪሎቢት ባለው ክልል ውስጥ ይሠራል። በዲስኮርድ የድምፅ ክፍል የተለመደው መነሻ 64 ኪሎቢት ሲሆን፣ አስተዳዳሪው እስከ 8 ዝቅ፣ በተራ ሰርቨር ደግሞ እስከ 96 ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ስሌት አለ። ድምፁ በአብዛኛው በ20 ሚሊሰከንድ ቁራጮች፣ ማለትም በሰከንድ በ50 ፓኬት ይላካል። እያንዳንዱ ፓኬት ወደ 40 ባይት የሚጠጋ የአድራሻ ሽፋን ይይዛል። ሽፋኑ ብቻውን በሰከንድ 16 ኪሎቢት ይሆናል። ስለዚህ 64 ኪሎቢት የተባለው ድምፅ በመንገድ ላይ 80 ሲሆን፣ ሳያቋርጥ ለአንድ ሰዓት ቢፈስ 36 ሜጋባይት ይፈጃል። ወደ 8 ኪሎቢት ሲወርድ በመንገድ ላይ 24 ሆኖ በሰዓት 10.8 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። የድምፁ ጥራት በስምንት እጅ ቢቀነስም ወጪው የሚቀንሰው በሦስት እጅ ከሲሶ ገደማ ብቻ ነው፤ የተቀረው ከፖስታው ይልቅ የፖስታው ልባስ የሚያስከፍለው ነው።

ከዚህም ሌላ እነዚህ ሥርዓቶች የተናጋሪዎችን ድምፅ አንድ ላይ ቀላቅለው አይልኩም፤ የእያንዳንዱን ለየብቻ ለአድማጩ ያስተላልፋሉ። አምስት አባላት ባሉት ቡድን ውስጥ አራቱ በአንድነት ቢናገሩ አምስተኛው አራት እጥፍ ይቀበላል። ተራ ጠብቆ መናገር ጨዋነት ብቻ ሳይሆን ቁጠባም ነው። ፕሮግራሙ ዝምታን ለይቶ መላክ ስለሚያቆም፣ የሚነገረው ባነሰ ቁጥር ወጪው ይቀንሳል።

ለማነጻጸር ያህል፣ የአንድ ሰዓቱ 36 ሜጋባይት ከ65,000 በላይ ሙሉ የአይአርሲ መስመሮችን ያስልካል። በሰከንድ 16 ኪሎቢት የተቀረጸ የአንድ ደቂቃ የድምፅ መልእክት ደግሞ 120 ኪሎባይት ገደማ ነው። ስለዚህ የዳታ ጥቅል በሜጋባይት ቆጥሮ ለሚገዛ ተማሪ፣ የጨዋታው ራሱ ፍጆታ ሳይቆጠር፣ የመወያያው ዓይነት ምርጫ የኪስ ጉዳይ ይሆናል። ሁለቱ በአንድ ቀጭን መስመር ሲጋፉም ጨዋታው ይዘገያል፤ ለቡድኑ ሲባል የተከፈተው ድምፅ ቡድኑን ሊያሸንፈው ይችላል።

7. ማኅደሩ የማን ነው?

አይአርሲ አያስታውስም ሲባል ሰርቨሩ አያስታውስም ማለት ነው። ተጠቃሚው ከፈለገ የሰማውን ሁሉ በራሱ ኮምፒውተር ላይ በተራ የጽሑፍ ፋይል ያስቀምጣል። የተቀመጠው የእርሱ ነው፤ ኩባንያ ቢዘጋ፣ መስመር ቢቋረጥ አይጠፋበትም። በዲስኮርድ ግን የጋራው ማኅደር ያለው በኩባንያው ዘንድ ነው። አንድ ተጠቃሚ የራሱን መልእክቶች ጠይቆ ሊወስድ ይችላል፤ የአንድን ቻናል ሙሉ ውይይት አውርዶ ለማስቀመጥ የሚያስችል መደበኛ መሣሪያ ግን አልቀረበለትም። ቴሌግራም በዚህ ረገድ ይሻላል፤ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ፕሮግራሙ የግሩፕን ውይይት አውርዶ ለማስቀመጥ ያስችላል።

የክፍት ፕሮቶኮል ጥቅም በግልጽ የታየው በግንቦት 2021 እ.ኤ.አ. ነበር። ፍሪኖድ የተባለው ነባር የአይአርሲ ኔትወርክ በአስተዳደር ውዝግብ ሲታመስ፣ በጎ ፈቃደኛ ሠራተኞቹ ለቅቀው ሊበራ ቻት የተባለ አዲስ ኔትወርክ መሠረቱ። ብዙ ማኅበረሰቦች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደዚያ ተዛወሩ። የተጠቀሙበት ፕሮግራም ያው የቀድሞው ነበር፤ የተለወጠው የሰርቨሩ አድራሻ ብቻ ነው። የኤክስፋየር ተጠቃሚዎች ግን እንዲህ ያለ መውጫ አልነበራቸውም፤ ሥርዓቱና ኩባንያው አንድ ስለነበሩ አብረው ተቀበሩ።

8. ሥርዓት ማስከበር

ጨዋታ ፉክክር ስለሆነ መወያያው ያለ ዳኛ አይሰነብትም። በአይአርሲ የቻናል ሹም የሚሆነው በመጀመሪያ ቻናሉን የከፈተ ሰው ሲሆን፣ ሹመቱ በግንኙነቱ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሹሙ መስመር ከተቋረጠበት ሥልጣኑን ያጣል፤ ሌላ ሰው ሊነጥቀውም ይችላል። ይህን ለመከላከል ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደ ኤግድሮፕ ያሉ ሮቦት ፕሮግራሞች ቻናሉን እንዲጠብቁ ተደርጓል። መስመሩ በቀን ደጋግሞ በሚቋረጥበት አካባቢ ያለ ሹም በቀድሞው ሥርዓት ምን ያህል ይቸገር እንደነበር መገመት አያዳግትም። በዲስኮርድና በቴሌግራም ሹመቱ በሰርቨሩ ላይ ስለሚመዘገብ ሹሙ ቢጠፋም ሥልጣኑ ይጠብቀዋል፤ ለረዳቶቹም ሥልጣን በየደረጃው ማካፈል ይችላል።

የማንነት ጥበቃም የተለያየ ነው። አይአርሲ በመጀመሪያ አሠራሩ የተጠቃሚውን የኮምፒውተር አድራሻ ለሌሎች ያሳይ ነበር። ዲስኮርድ አድራሻውን ይደብቃል። ቴሌግራም የሚመዘገበው በስልክ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩን ለማያውቁት ሰዎች የመደበቅ ምርጫ ቢኖረውም ምርጫውን ማስተካከል የተጠቃሚው ኃላፊነት ነው። ሁሉም ሁሉን በሚያውቅባት አነስተኛ ከተማ፣ በተለይ ለሴት ተጫዋቾች፣ የስልክ ቁጥር በማይታወቁ ሰዎች እጅ መግባቱ ከጨዋታው እስከ መውጣት የሚያደርስ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ስለሆነም አዲስ አባል ሲገባ በመጀመሪያ ይህን ቅንብር እንዲያስተካክል ማሳሰብ የአስተዳዳሪው ሥራ ሊሆን ይገባል።

መሣሪያው ማባረርንና ማገድን ያቀላል፤ ማስታረቅን ግን አያውቅም። በወሎ የሚታወቀው የአበጋር ሥርዓት ጠበኞችን አቀራርቦ ወደ ማኅበራቸው ለመመለስ ይጥራል። አንድ ቁልፍ በመጫን ብቻ አባልን ለዘለቄታው ማስወጣት በሚቻልበት መወያያ፣ በሳል አስተዳዳሪ ከመሣሪያው የሚበልጥበት ቦታ ይህ ነው።

9. ለደጋው የሚስማማ አደረጃጀት

ከላይ የቀረበው ንጽጽር አንዱን ሥርዓት አንግሦ ሌላውን ለመሻር አያበቃም። ግንኙነቱ በሚሞላና በሚጎድል አካባቢ የተሻለው መንገድ ሥርዓቶቹን እንደየአመላቸው ማሰናዳት ነው።

አንደኛ፣ የቡድኑ የዘወትር መገናኛ የጽሑፍና የድምፅ መልእክት የሚያጠራቅም ሥርዓት ቢሆን ይመረጣል። የዘገየ ሰው ሳይቀር እንዲደርስ የሚያደርገው ይህ ነው። የምስልና የቪዲዮ ራስ-ገዝ ማውረድ ሲጠፋ ወጪውም ይቀንሳል።

ሁለተኛ፣ የቀጥታ ድምፅ በውድድር ሰዓት ብቻ ቢከፈትና የጥራቱ መጠን ሆን ተብሎ ዝቅ ቢደረግ ጨዋታውም ኪሱም ይተርፋል።

ሦስተኛ፣ ግቢ ወይም ጌም ቤት ያለው ቡድን በአካባቢ ኔትወርኩ ላይ አነስተኛ የማምብል ወይም የአይአርሲ ሰርቨር ቢያቆም፣ የውጭ መስመር በተቋረጠ ጊዜ በዚያው ግቢ ያሉ አባላት መነጋገራቸውን አያቆሙም። ይህ በሁለት ከተሞች ያሉትን አያገናኝም። ለዚያ ችግር ትኩረት የሚስበው በመስከረም 2014 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ማትሪክስ የተባለ ክፍት ፕሮቶኮል ነው። በማትሪክስ የአንድ ክፍል ውይይት በተሳታፊዎቹ ሰርቨሮች ሁሉ ላይ ይባዛል። በሁለት ግቢዎች ሁለት ሰርቨሮች ቢኖሩና በመካከላቸው ያለው መስመር ቢቋረጥ፣ በየግቢው ውይይቱ ይቀጥላል፤ መስመሩ ሲመለስ ሁለቱ ማኅደሮች ይዋሐዳሉ። የአይአርሲን ነፃነትና የዲስኮርድን ትውስታ ለማስታረቅ የተደረገ ሙከራ ነው ማለት ይቻላል። ዋጋው ደግሞ ከሁለቱ ይልቅ ጠንከር ያለ ኮምፒውተርና የሚንከባከበው ሰው መፈለጉ ነው፤ ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ግን ይህ እንቅፋት ከመሆን ይልቅ መለማመጃ ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፣ የቡድኑ ደንብ፣ የውድድር ውጤትና የአባላት ስምምነት በየሴሚስተሩ ተገልብጦ ከሥርዓቱ ውጭ መቀመጥ ይኖርበታል። ተመራቂ በየዓመቱ በሚወጣበት ግቢ የማኅበር ትውስታ የሚጠፋው በኩባንያ መዘጋት ብቻ አይደለም፤ የአስተዳዳሪው ስልክ አብሮት ሲሄድም ይጠፋል።

ማጠቃለያ

የቀድሞዎቹ የመወያያ ሥርዓቶች ዳታ ቆጣቢ፣ በራስ እጅ የሚተዳደሩና ያለ ኢንተርኔትም በአካባቢ ኔትወርክ መኖር የሚችሉ ናቸው፤ ነገር ግን የቀረውን ይረሳሉ፣ የግዕዝ ፊደልንም ያስከፍላሉ። አዲሶቹ የቀረውን ይጠብቃሉ፣ ፊደሉንም በእኩል ዓይን ያያሉ፤ ነገር ግን ማኅደሩን በኩባንያ እጅ፣ መንገዱን በባሕር ማዶ አኑረዋል። በሌላ ቦታ ይህ የምርጫ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። በመካነ ሰላምና በአካባቢዋ ግን ከመስመሩ መቆራረጥ የተነሳ ማን በማኅበሩ ውስጥ እንደሚቆይና ማን እንደሚቀር የሚወስን ጉዳይ ነው። ስለሆነም የትኛው ሥርዓት አዲስ ነው ከሚለው ይልቅ መስመሩ ሲቋረጥ የትኛው ምን ያደርጋል የሚለው ጥያቄ ቢቀድም ይመረጣል።